«እንፋሎት ብቻ ነው» ለሚሉን፦ በስንት ዲግሪ?



ሰሞኑን በመኝታ ክፍልም በሻይ ቤትም አንድ ክርክር ደጋግመን ሰምተናል። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ልጆቹ «ቬፕ» የሚሉት፣ እንፋሎት እንጂ ጭስ ስለሌለው አይጎዳም ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «ኧረ ተው፣ ያው ሲጋራ ነው!» ብሎ ይዘጋዋል። ነገ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የምንቆም እኛ በሁለቱም መልስ አንስማማም።

ነገሩን ከጀበና እንጀምር። ጀበና ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ከሰሉ የቱንም ያህል ቢፋፋም ውሃው ከመፍያው አያልፍም፤ ትርፉን ሙቀት እንፋሎቱ ይዞት ይወጣል። ውሃው ያለቀ እንደሆነ ግን ጀበናው ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ቬፕም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው። ባትሪው ትንሽ ሽቦ ያግላል፤ ሽቦው በፈሳሽ የራሰ ጥጥ ይነካል። ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ188፣ ሁለተኛው በ290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ጥጡ እንደራሰ ከቆየ ሙቀቱ በልክ ይያዛል። የባትሪው ኃይል ከፍ ሲደረግ ወይም ጥጡ ሲደርቅ ግን የሽቦው ግለት ይንራል፤ ፈሳሹም መትነን ብቻ ሳይሆን መፈራረስ ይጀምራል። ከፍርስራሹ መካከል ፎርማልዴሃይድ፣ አሴታልዴሃይድና አክሮሊን ይገኙበታል።

ስሞቹ ሩቅ አይምሰሉን። መጥበሻ ላይ የተረሳ ዘይት ሲያር ዓይን የሚያስለቅሰውና ጉሮሮ የሚከረክረው አንዱ ነገር አክሮሊን ነው። ፎርማልዴሃይድ ደግሞ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ እንቁራሪቷ በጠርሙስ የምትቀመጥበት ፎርማሊን የሚሠራበት ነው። በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ ተመድቧል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ መሣሪያ በ3.3 ቮልት ሲሞክሩ ፎርማልዴሃይድ የሚለቀውን ውህድ አላገኙም፤ በ5 ቮልት ግን አገኙት። ግሪካዊው ሐኪም ኮንስታንቲኖስ ፋርሳሊኖስና ባልደረቦቻቸው በዚያው ዓመት ተከራከሩ፦ ጥጡ ደርቆ ሲያር ጣዕሙ ስለሚከፋ አጫሹ ራሱ ይተወዋል አሉ። ክርክሩ ቁም ነገር አለው። ይሁን እንጂ የአንድ የ15 ዓመት ልጅ ምላስ የደኅንነት መለኪያ ሊሆን ነው እንዴ? ደግሞስ ትንሽ ሲያር የማይታወቀውስ?

«ያው ሲጋራ ነው» የሚለውንም የማንወደው ለዚህ ነው። ሲጋራ ሲሳብ ጫፉ ወደ 900 ዲግሪ ይደርሳል፤ ትንባሆው ይነዳል፣ ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ቬፕ ውስጥ የሚነድ ትንባሆ የለም። ተማሪው ይህን ከሌላ ቦታ ያነበበ ዕለት መምህሩ ስለ ፎርማልዴሃይድ የነገረውን እውነትም አብሮ ይጥለዋል። ሱሰኛ የሚያደርገው ኒኮቲን ግን ሙቀቱ ዝቅ ስላለ ብቻ አይጠፋም፤ ይህም መነገር አለበት። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመሣሪያውን ሽያጭ ከልክሏል።

ለመሆኑ ትምህርቱን በምን እንስጥ? በጀበናና በመጥበሻ ይበቃል ባዮች ነን። የኬሚስትሪ ክፍል ጓደኞቻችን የተሻለ ማሳያ ካላችሁ ጽፋችሁ ለአዘጋጆቹ ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን።