ሰውየው ሲያንስ ጥሩሩም ይነስ

አስማተኛው ጓደኛውን በድግምት አሳንሶ በጠባብ ቀዳዳ ሊያሾልከው ሲል፣ የለበሰው ጥሩር ምን ይሆናል? ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚጫወት ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ጨዋታውን ለጓደኞቼ የምመራ እንደመሆኔ አቋሜን ልናገር። ጥሩሩ አብሮ ያንሳል፣ የመከላከል አቅሙም አይነካም፤ መሪውም መሐል ላይ ተነስቶ ይህን መለወጥ የለበትም።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት በዚህ ጨዋታ አንዱ ይመራል፤ ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ያጠራጠረውን ነገር ዳይስ ይለየዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ስለ ድግምቱ የሚለው ግልጽ ነው። ቢበዛ አንድ ደቂቃ ይቆያል። የሰውየው ቁመትና ወርድ በግማሽ ይቀንሳል፣ ክብደቱ አንድ ስምንተኛ ይሆናል፣ የለበሰውና የያዘው ሁሉ አብሮት ያንሳል። የጣለው ዕቃ ግን ወዲያው ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። መሳሪያው የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል፤ የጥሩሩን መከላከያ የሚቀንስ ቃል ግን የለም። ሙሉ የብረት ጥሩር የለበሰ ተዋጊ 18 የመከላከያ ቁጥሩን እንደያዘ ይቀጥላል።

ድሮ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የመሪዎች መመሪያ፣ ሰው በድግምት ሲተልቅ በጠፍር የታሰረው ልብስና ትጥቅ ይወልቃል፣ ሌላው ይቀደዳል ይል ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ጠላትን በገዛ ጥሩሩ ውስጥ አተልቆ መጨፍለቅ እንዳይቻል ነው። ይህንኑ ገልብጠው ለማሳነስ የሚጠቀሙበት መሪዎች ግን አሉ። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ለብሶ መራመድ እንዳቃተው ሁሉ፣ ያነሰውም ጥሩሩን ጥሎ ይውጣ ባዮች ናቸው። እስቲ ሒሳቡን ይዩት። ሙሉው የብረት ጥሩር 1,500 የወርቅ ሳንቲም ያወጣል፤ ለመልበስ 10 ደቂቃ ይፈጃል። የአንድ ደቂቃ ድግምት ብሎ ራቁቱን የሚዋጋ ማን አለ? ድግምቱ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ይቀራል እንጂ ማንም አይነካውም።

ከእኛ ጋር የሚጫወት አንድ መሐንዲስ ደግሞ ከባድ መከራከሪያ አለው። 2 ሚሊ ሜትር የነበረው ብረት 1 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ የጠላት ሰይፍ ግን አላነሰም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ይውረድ ይላል። የብረቱ ነገር እውነት ነው። ግን ፊዚክስ ከመጣ ሙሉው ይምጣ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን የመጠን ጉዳይ አንስቶታል። ቁመት በግማሽ ሲቀንስ የጡንቻ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ክብደት ግን ወደ አንድ ስምንተኛ። ስለዚህ ያነሰው ተዋጊ ለክብደቱ እጥፍ ብርቱ ነው፤ መዝለልም መሸሽም ይቀለዋል። ለሰይፍ የሚጋለጠው አካሉም ትንሽ ነው። ሦስተኛው እትም ይህን አይቶ ላነሰ ሰው መከላከያው ላይ አንድ ይጨምርለት ነበር። የሳሳውን ብረት ቆጥሮ ሌላውን መተው ተጫዋቹን መበደል ነው።

አጥብቄ የምከራከረው ደንቡ አስቀድሞ ሲታወቅ ተጫዋቾች የሚሠሩትን ስላየሁ ነው። አንዷ ተጫዋቻችን አንሳ፣ ከነጥሩሯ በአንድ ክንድ ስፋት ባለው የውሃ ቦይ ውስጥ እየዳኸች ነበር። ትልልቅ አይጦች ከኋላ ደረሱባት። የደንቡን መጽሐፍ አንብባ ስለነበር ዞር ብላ ጋሻዋን ከኋላዋ ጣለችው። ጋሻው በአንዴ ሙሉ መጠኑን ይዞ ከቦዩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ አይጦቹም ከወዲያ ማዶ ቀሩ። ሁላችንም ከወንበራችን ተነሳን። መሪው እንደ መሰለው የሚፈርድ ቢሆን ኖሮ ይህን አስባ መምጣት አትችልም ነበር።

ሌላ ደንብ የሚሻ መሪ ይኑረው፤ አልከለክልም። ግን ተጫዋቹ ጥሩሩን ከመግዛቱ በፊት ይንገረው።