ቤልጅጉ ለምን አልሞተም?

የእናቴ ወንድም በሞተ በሳምንቱ ከደሴ ተነስቼ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ቃሉ ገጠር ዘለቅሁ። ሰደቃው አልፎ፣ ሰዉ ተበትኖ፣ ሽማግሎቹ ለውርስ ጉዳይ ተቀምጠው ደረስኩ። ቤቱ፣ ሁለቱ በሬዎችና የጓሮው ባሕር ዛፍ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ተከፋፍለው አለቁ። ሦስት ቀን የፈጀው አንድ አሮጌ ጠመንጃና አሥራ አንድ ጥይት ነው። የሚገርመው፣ ሦስቱ ወንድማማቾች በጠመንጃው ላይ ብዙም አልተካረሩም። የተካረሩት በጥይቶቹ ላይ ነበር።

ጠመንጃው ቤልጅግ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ተረት ሊመስለው ይችላል። ክላሽ አገሩን ባጥለቀለቀበት ዘመን፣ ዘጠና ዓመት ለሞላው ጠመንጃ ጥይት ወንድማማቾች የሚኳረፉት ለምንድን ነው? እኔም መጀመሪያ ላይ ነገሩን የቆየ ሰው ናፍቆት አድርጌ ነበር ያየሁት። ቆይቼ ሳስበው ግን በአማራ ክልል ስለ ጦር መሣሪያ የሚደረገው ክርክር ሁሉ አንድ ነገር እንደሚጎድለው ተሰማኝ። ስለ ጠመንጃ ብዙ ይባላል። ስለ ጥይት ግን ማንም አያወራም።

እስቲ ከጥይቱ እንጀምር። የቤልጅግ ጥይት በመላው ዓለም 7.92 በ57 በመባል የሚታወቀው የጀርመን ጥይት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የአፈሙዙን ቀዳዳ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሁን ርዝመት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ጀርመኖች ለሠራዊታቸው የመረጡት እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን፣ በ1905 ድቡልቡሉን አረር ትተው በሹል አረር ተኩት። ሹሉ አረር አሥር ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣም በሴኮንድ ከስምንት መቶ ሜትር በላይ ይጓዛል። የክላሽ አረር ስምንት ግራም ያህል ሆኖ በሴኮንድ ሰባት መቶ ሜትርን ጥቂት ያልፋል። በጉልበት ሲሰላ የአሮጌው ጥይት ምት የአዲሱን ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። አጎቴ ይህን ስሌት አያውቀውም ነበር። "ክላሽ ጥይት ይበላል፣ ቤልጅግ ግን ይጾማል" ይል ነበር እንጂ። ከሸንተረር ወዲያ ማዶ ያለን ነገር አንድ ጊዜ አልሞ ለሚተኩስ ገበሬ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ይህ ጥይት ከወታደር ቤት ወጥቶ የአዳኝ ጥይት ከሆነም ቆይቷል። ጀርመን አገር ዛሬም እርያና አጋዘን ይታደንበታል። የአሜሪካው ዘመዱ፣ "ሠላሳ ዜሮ ስድስት" የሚባለው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1906 የወጣና የአገሩ አዳኞች ከትንሽ ድኩላ እስከ ትልቅ አጋዘን የሚገለገሉበት የሁሉ ነገር ጥይት ነው። ዘመዱ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የሁለቱም ቀለህ መቀመጫ ውፍረት እኩል ሊባል የሚችል አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥትም በዚያ ዘመን ለጠመንጃው አሠራር ለማውዘር ኩባንያ ክፍያ ለመክፈል ተገዷል። እኛም ጋ ደርሷል። በ1943 ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ወታደሮች የያዙት "ኤም ዋን" የሚተኩሰው ይህንኑ ጥይት ነው። በ1945 ከአሜሪካ ጋር የጦር ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ኤም ዋን በክቡር ዘበኛና በጦር ሠራዊቱ እጅ በብዛት ገባ። በወሎ ገጠር አሮጌ ሰዎች ዛሬም "ኤም ዋን" ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል።

ቤልጅጉ ግን ቀድሞ የመጣ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የቤልጅግ መኮንኖች የክቡር ዘበኛን ሊያሠለጥኑ ሲመጡ፣ ቤልጅግ አገር ሄርስታል ከሚገኘው ፋብሪካ የማውዘር ዓይነት ጠመንጃ ተገዛ። አንዳንዱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ተቀርጾበታል። ሕዝቡ አገሩን የጠመንጃው ስም አደረገው። ከጣሊያን ወረራ በፊትም በ1927 ጀርመን በምስጢር መሣሪያ ስትልክልን አብሮ የመጣው ይኸው የጥይት ዓይነት ነው። የናዚ መንግሥት ይህን ያደረገው ለእኛ አስቦ አልነበረም። ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ ስትጠመድ ኦስትሪያን ለመዋጥ ይመቸኛል ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የነገሩ ቁልፍ ያለው ከደሴ በስተሰሜን የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላው በውጫሌ ነው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ሲፈረም ትምህርት ቤት የምንማረው ስለ አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ነው። ትክክልም ነው። ግን የጣሊያን ፖለቲካ የቆመው በጥይት ላይም ነበር። ጠመንጃ ትሰጥሃለች፤ ለጠመንጃዋ የሚሆነው ጥይት ያለው እሷ ጋ ነው። ጠቡ ከመረረም በኋላ ጣሊያኖች ምኒልክን ለማለዘብ በ1885 ሁለት ሚሊዮን ያህል ጥይት ላኩ። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ ወዲያው ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ጠመንጃ የሰጠህ ሰው ወዳጅህ ሊሆን ይችላል፣ ጥይት የሚያቀብልህ ግን ጌታህ ነው። ይህን ምኒልክ ከማንም በፊት የተረዱት ይመስለኛል። ለዚህም ነው የፈረንሳዩን ውጅግራ፣ ከግብፆች የተማረከውን ረሚንግተን፣ የጣሊያኑንም ሳይቀር ከየአቅጣጫው ያከማቹት።

በዚያ ዘመን ጥይት ገንዘብ እንደነበረም አንርሳ። የውጅግራ ጥይት በብዙ ገበያዎች ከአሞሌና ከማርያ ትሬዛ ጋር እየተመነዘረ ዕቃ ይገዛበት ነበር። የተተኮሰው ቀለህ እንኳ አይጣልም፣ ተሰብስቦ እንደገና ባሩድና እርሳስ ይሞላል። ስለዚህ ገበሬያችን ጥይትን የሚያየው እንደሚያልቅ ዕቃ ሳይሆን እንደሚቀመጥ ሀብት ነው። የእኔ የአጎት ልጆች አሥራ አንዱን ጥይት በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ሲቆጥሩ ያየሁት ዓይን ወርቅ የሚቆጥር ሰው ዓይን ነው።

የልዩ ልዩ ጥይት መከማቸት ግን ዋጋ አስከፍሏል። በ1928 ማይጨው ላይ የተሰለፈው ሠራዊታችን የያዘው ጠመንጃ በየዓይነቱ ስለነበር የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። እንግሊዝና ፈረንሳይ በጣለብን ማዕቀብ የተነሳ በቂ ጥይት አልገባም። ደሴ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 በጣሊያን እጅ ወደቀች። በ1933 ደግሞ በኮምቦልቻ መተላለፊያ ላይ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከአርበኞች ጋር ሆነው ጣሊያንን ለቀናት ተዋግተው፣ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ተለቀቀች። በዚያ ወር በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ገደላ ገደል የጣሊያኑ ስድስት ነጥብ አምስት፣ የእንግሊዙ ሦስት መቶ ሦስት፣ ከቀድሞው ሠራዊት የተረፈው ቤልጅግ ሁሉ አንድ ላይ ተዘርቶ ቀረ ማለት ነው። የወሎ ገበሬ ከዚያ መርጧል። የመረጠውም ጉልበቱን፣ ትክክሉንና በጭቃና በብርድ ሳይነክስ መተኮሱን አይቶ ነው።

እንግዲህ ማራኪነቱ እውነት ነው ወይስ አፈ ታሪክ? ሁለቱም አለበት። አጎቴ ከዝንጀሮ ማሽላውን፣ ከጅብ ጥጃውን የጠበቀበት መሣሪያ ነው፤ ለዚያ ሥራ በቂ ብቻ ሳይሆን ትርፍ ነው። በሌላ በኩል የብዙዎቹ ቤልጅጎች አፈሙዝ ውስጡ ተበልቷል፤ በየቤቱ የሚቀመጠው ጥይት አባት ከአያቱ የወረሰው በመሆኑ ቃታ ሲሳብ "ቀጭ" ብሎ የሚቀረው ቀላል አይደለም። ሰው ግን የከሸፈውን አይቆጥርም። የሚያወራው ስለመታው ነው።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሥራ አንድ ጥይት ያለው ሰው በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ አይተኩስም። ሰክሮ አይተኩስም። ከጎረቤት ጋር በወሰን ተጣልቶም ቢሆን ሁለቴ ያስባል። ሠላሳ ጥይት የሚጎርስ ካዝና የያዘ ወጣት ግን ይህ ቁጠባ የለበትም። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ክላሽና ጥይቱ በገፍ ሲገቡ የተለወጠው የመሣሪያ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ሰው ከተኩስ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ቤልጅጉን ዝም ያሰኘው ሕግ አልነበረም። የጥይቱ ማነስ ነው።

ጦርነቱ ይህን ሁሉ አደባለቀው። ጥቅምት 2014 የሕወሓት ኃይሎች ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲጠጉ የክልሉ መንግሥት መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጥሪ አቀረበ። አጎቴ ስልሳውን ያለፈ ሰው ነበር። ቤልጅጉን ተሸክሞ ሲወጣ አሥራ ስምንት ጥይት ነበረው። ሁለቱ ከተሞች በወሩ መጨረሻ ተያዙ፣ ኅዳር 27 ቀን ተለቀቁ። በዚያ መሀል የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል። አጎቴ ሲመለስ አሥራ አንድ ጥይት ይዞ ነበር። ስለ ሰባቱ ለሚስቱም፣ ለልጆቹም፣ ለእኔም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሞተ። ወንድማማቾቹ በቀሩት ላይ የተካረሩት ለምን እንደሆነ አንባቢ አሁን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ያኔ "ያለህን ይዘህ ና" የተባለው ሰው ዛሬ "ያለህን አስመዝግብ" ወይም "አስረክብ" ይባላል። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ፣ ተቃውሞ ተነሳ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ማለቂያ ላይ በፋኖና በመንግሥት ኃይሎች መካከል የተከፈተው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስከተለ። ገጠር ውስጥ መሣሪያ መያዝም፣ አለመያዝም የሚያስጠረጥርበት ጊዜ መጣ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከዚህ ሁሉ በፊት የወጣ ነው። በወረቀት ላይ መጥፎ ሕግ አይደለም፤ አገር በፈቃድና በመዝገብ መሣሪያ መቆጣጠሯ ተገቢ ነው የሚል እምነት አለኝ። ችግሩ ሕጉ እምነት ይፈልጋል። ገበሬው ስሙን የሚያስመዘግበው ነገ በዚያው መዝገብ ቤቱ አይፈተሽም ብሎ ሲያምን ነው። በ2014 እና በ2015 መካከል የጠፋው ይህ እምነት ነው፤ በዘመቻ የሚመለስም አይመስለኝም።

ደግሞ ቁጥጥር ሲባል ሁሌ የሚቆጠረው ጠመንጃ ነው። ጠመንጃ መቶ ዓመት ይኖራል፤ ይቀበራል፣ ዘይት ይቀባል፣ ይወጣል። አንድ መሣሪያ ሰው መግደል የሚችለውን ያህል የሚገድለው ጥይት እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። ለቤልጅጉ አዲስ ጥይት የሚያመጣለት የለም፣ ለክላሹ ግን አለ። የፀጥታ ኃይላችን ጉልበት መዋል ያለበት አሮጊት ጎተራ ውስጥ የተሸሸገ የአያት ጠመንጃ በመልቀም ሳይሆን በሳጥን የሚጫነው ጥይት በየት በኩል እንደሚገባና ማን እንደሚሸጠው በመከታተል ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ሣጥን ጥይት በጀርባ አይሸሸግም። መኪና ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል፣ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ይፈልጋል።

ወደ ሽማግሎቹ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጢማቸው የነጣ አዛውንት "አብሽሩ ልጆቼ" ብለው ፈረዱ። ጠመንጃው ደሴ ለሚያስተምረው ለታላቁ፣ ጥይቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለሚሠራው ለመካከለኛው። ዓረብ አገር ላለው ለታናሹ የአባቱ ዝናር ባዶውን ይቀመጥለት ተባለ። አንዱ ያለ ሌላው መተኮስ እንዳይችል ማለታቸው ነው። ፋቲሃ ተቀራ፣ ወንድማማቾቹም ተሳሳሙ።

ከአንድ ወር በኋላ ታላቁ ደወለልኝ። ጠመንጃውን በሕግ አስመዝግቦ ለመያዝ አስቧል፤ እኔ የከተማ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ያውቃል ብሎ ነው። አዋጁን አንብቤ የገባኝን ነገርኩት። እሺ፣ እሺ ሲል ቆየና፦

"ጋሼ፣ 'ጥይትህስ ስንት ነው?' ቢሉኝ ምን እላለሁ?"

"አንተ ጋ የለማ፣ ወንድምህ ጋ ነው" አልኩት።

"እሱንማ አውቃለሁ" አለ። "የማልመልሰው 'ሰባቱስ የት ሄዱ?' ያሉኝ እንደሆነ ነው።"