ሕፃኑን ማን ይያዝላት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ማለዳ ወደ ኪዳን ሲገሰግስ ሯጮችን ሳያገኝ አይቀርም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭዋ ጋቢ ቢያስደርብም፣ ስስ አየሯ የሯጭን ደም የሚያበረታ ነው፤ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲያበዛ ያስገድደዋልና። ሻምበል አበበ ቢቂላም የተወለደው ከዚህ እጅግ በማይርቀው በጃቶ ነው። ከእነዚህ የማለዳ ሯጮች መካከል ሴቶችም አሉ። ከእነርሱ አንዷ አግብታ ስትወልድ ግን ብዙዎቻችን የምንናገረው ቃል አንድ ነው፤ «እንግዲህ ወለደች፤ ሩጫው በቃት» እንላለን። ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ስለዚህች ቃል ነው።

በእኔ አሳብ ፍርዳችን የተሳሳተው ጥያቄያችን ስለተሳሳተ ነው። እኛ «እናት ሆና እንዴት ትሮጣለች?» እንላለን። መጠየቅ የሚገባን ግን «ስትሮጥ ሕፃኑን ማን ይያዝላት?» ብለን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሸክሙን ሁሉ በእርሷ ትከሻ ላይ ይጥላል፤ ሁለተኛው ግን ወደ ባሏ፣ ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ ጎረቤቶቿና ወደ እኛ ያመለክታል።

አስቀድመን «እናትነትና ውድድር አብረው አይሄዱም» የሚለውን አሳብ በታሪክ እንመርምረው። አትሌት ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ማለትም ጾመ ፍልሰታ በሚገባበት ዕለት ነበር። ከዚያ በኋላ እናት ሆነች፤ በወሊድ ምክንያትም ከውድድር ርቃ ቆየች። ብዙ ሰው ዘመኗ እንዳለፈ ሊያስብ ይችል በነበረበት ጊዜ ግን ተመልሳ በ1992 ዓ.ም. የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሆነች። መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ በሲድኒ በዚያው ርቀት ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። በዚህም አላበቃችም፤ በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የኒውዮርክን ማራቶን አሸንፋለች።

አትሌት ጥሩነሽ ዲባባም በ2007 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለደች። ከወለደች አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላት፣ ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣች። አልማዝ አያና የዓለምን ክብረ ወሰን በሰበረችበት በዚያ ውድድር ሁለተኛ የሆነችው ኬንያዊቷ ቪቪያን ቼሩዮትም የልጅ እናት ነበረች። ስለዚህ በዚያ ቀን ከአልማዝ ጋር ሜዳሊያ ካጠለቁት መካከል ሁለቱ እናቶች ነበሩ ማለት ነው።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ አራት ወርቅ የወሰደችው ኔዘርላንዳዊቷ ፋኒ ብላንከርስ ኩን የሁለት ልጆች እናት ነበረች፤ እርሷንም «ከልጆችሽ ጋር ቤትሽ ተቀመጪ» ያሏት ሰዎች ነበሩ። በእኛ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊቷ አሊሰን ፊሊክስ ከወለደች በኋላ የጫማ አምራቹ ናይኪ በእናትነት ምክንያት ክፍያዋ እንዳይቀነስ ዋስትና ሊሰጣት አለመፍቀዱን በአደባባይ ተናገረች። ከእርሷና ከሌሎች እናቶች ንግግር በኋላ ኩባንያው በእርግዝናና በወሊድ ዙሪያ ለ18 ወራት የአትሌቶችን ክፍያ እንደማይቀንስ አሳወቀ። እንግዲህ እነዚህን እናቶች ያስቸገራቸው የሰውነታቸው ድካም ብቻ አልነበረም፤ በዙሪያቸው ያለው ሰውና ሥርዓትም ጭምር ነው እንጂ።

አንድ አንባቢ «ዲያቆን፣ ሕፃን ከሜዳሊያ አይበልጥምን?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥ ይበልጣል። ሜዳሊያ ያልፋል፤ ሕፃን ግን ነፍስ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ሯጮች ሲናገር አክሊላቸው የሚጠፋ መሆኑን አልደበቀም። ነገር ግን ያንኑ ሯጭ ሰውነቱን በመግዛቱ ለክርስቲያን ምሳሌ አድርጎ አቀረበው እንጂ አልነቀፈውም። ደግሞም ለብዙ የገጠር ልጆች ሩጫ እንጀራ ነው። እናት እንጀራዋን ስትተው ሕፃኑም አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ሁለቱን እንደ ጠላት አድርገን አናቁማቸው።

ይህን ስል ችግሩ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የረጅም ርቀት ሯጭ ብዙ ጊዜ ጠዋትም ማታም ትለማመዳለች፤ በመካከሉ ያለው ዕረፍትና የሌሊቱ እንቅልፍ የልምምዱ ክፍል ናቸው። ሕፃን ደግሞ በመጀመሪያ የሚወስደው ይህንኑ እንቅልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል፤ ይህም እናት ከልጇ ብዙ እንዳትርቅ ያደርጋታል። ስለዚህ ልታሳልፋቸው የሚገቡ ውድድሮች ይኖራሉ። ደራርቱም ጊዜዋን ጠብቃ ተመለሰች እንጂ ከአራስ ቤት በቀጥታ ወደ ሜዳ አልሮጠችም። ቤተ ክርስቲያናችን ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ብላ የወሰነችው ጊዜም እናት ከሕፃኗ ጋር በጸጥታ የምትቆይበት ነው። ማንም አሠልጣኝ ወይም ባል በልምምድ ስም ሊሻማባት አይገባም።

ከዚያ በኋላስ? ሸክሙን የምንካፈልበት ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ያሉት ለዚህ ነው። በአራስነቷ ሰሞን ገንፎ ይዘን፣ እልል ብለን እንገባለን፤ ይህ መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን ክርስትናው ተነሥቶ፣ ድግሱ አልቆ፣ ቤቱ ጭር ሲል እናት ከሕፃኗ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። እርዳታ ይበልጥ የሚያስፈልጋት በእነዚያ ወራት ነው።

አንተ ባል የሆንህ ወንድሜ፣ ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል ሕፃኑን ታቅፈህ ብትቆይ ከክብርህ የሚጎድል ነገር የለም። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ 90 ቀናት፣ ለአባት ግን ሦስት ቀናት ብቻ ይሰጣል፤ የአባትነት ግዴታህ ግን በሦስተኛው ቀን አያበቃም። አበበ ቢቂላ የአራት ልጆች አባት ነበር። በሮምና በቶኪዮ ስላገኘው ድል ስናወራ «ልጆቹን ማን ያዘለት?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ለወንዱ ያልጠየቅነውን ለሴቷ ብቻ እንቅፋት ማድረጋችን ቅን ፍርድ አይደለም።

እናንተ ክርስትና እናት የሆናችሁ፣ ቃል ኪዳናችሁ ሕፃኑን ከመጠመቂያው ተቀብሎ በማቀፍ የሚፈጸም አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ሕፃኑን ብትይዙላት ከሚገዛለት ልብስ ይልቅ ይጠቅማል። የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችም ተራ ገብተው ቢያግዙ ለእግዚአብሔር ቤት የማይገባ ሥራ አይደለም። አሠልጣኞችና የክለብ ኃላፊዎች የሆናችሁ ደግሞ፣ የወለደችውን ልጅ ስም ከመዝገባችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት የምትመለስበትን ጊዜ ከእርሷ ጋር ተነጋገሩ።

አንቺም እኅቴ፣ ለመመለስ አትቸኩዪ፤ ለመተውም አትቸኩዪ። ስለ ሰውነትሽ ሐኪምሽን፣ ስለ ልምምድሽ አሠልጣኝሽን፣ ስለ ጾምሽ ንስሐ አባትሽን አማክሪ። እርዳታ መጠየቅንም እንደ ውርደት አትቁጠሪው። ምናልባት ከወሊድ በኋላ ሩጫውን በፈቃድሽ ትተዪው ይሆናል፤ ይህም የተከበረ ምርጫ ነው። ክፉው ነገር ሳትፈልጊ፣ ሕፃኑን የሚይዝልሽ ሰው ጠፍቶ ስትተዪው ነው።

ስለዚህ የተወደዳችሁ፣ ከእንግዲህ ከጎረቤታችን አንዲት ሯጭ ስትወልድ «በቃት» ማለቱን ትተን ወደ ቤቷ እንሂድና «ልምምድሽ በስንት ሰዓት ነው?» ብለን እንጠይቃት። ሰዓቱንም ስትነግረን በሰዓቱ እንገኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።