ሐረማያን ያደረቀው ማን ነው?

«የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለው ቃል የኛ ባለሥልጣን አፍ ሲገባ ምን እንደሚሠራ ልብ ብላችኋል? ተጠያቂ ያጠፋል። ጎርፍ ቤት ሲወስድ የአየር ንብረት ለውጥ ነው። ቧንቧ ሲደርቅም፣ ሐይቅ ሲጠፋም ያው ነው።

ለውጡ የለም ማለቴ አይደለም። ቦረና ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጋናውም ሀገያውም እየተፈራረቀ አምስት ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። ከብቱ አለቀ፤ የከብት ጌታ የነበረው ሰው መጠለያ ገብቶ ስንዴ ተሰፈረለት። ዎርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን የአፍሪካ ቀንድን ድርቅ መርምሮ፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው በሚያዝያ 2015 ተናገረ። ሙቀቱ ከአፈሩና ከሣሩ ላይ እርጥበቱን መጠጠው። የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ልቀት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህ ዕዳ የሌሎች ነው፤ መከፈልም አለበት።

ሐረማያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የሐረር ሕዝብ ይጠጣው የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ብሎ ቀረ። ለጫቱና ለአትክልቱ ሞተር ቀን ከሌት ሲስብ፣ ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበው ደለል ሲሞላው ማን ጠየቀ? ሙቀት ትነቱን አላባባሰም አልልም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ተፋሰሱ ላይ ሥራ ተሠርቶ፣ ዝናቡም አግዞ ውሃው ተመልሷል። የዓለም ሙቀት በዚህ መሀል ቀነሰ እንዴ? ጨመረ እንጂ!

ገበሬውን አልወቅስም፤ የሚያበላውን ነው የተከለው። የምወቅሰው ሞተሩን መቁጠርና ፈቃድ መስጠት ሥራው ሆኖ ሳለ ዝም ብሎ ያየውን፣ በኋላም ሰማዩን የከሰሰውን ነው።

ሁለቱን ማደባለቅ ዋጋ ያስከፍለናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ለጉዳትና ኪሳራ ፈንድ እንዲቋቋም ተወስኗል። ከዚያ ገንዘብ ስንጠይቅ ከፋዩ «የትኛው ጉዳት በእኔ ጭስ፣ የትኛው በእናንተ ሞተር መጣ?» ቢለን መልሳችን ምንድን ነው? የሐረማያን ጥፋት ከቦረና ጋር አንድ ላይ ካቀረብን የቦረናውም አይታመንም።

እ.ኤ.አ. በ2027 ኮፕ 32 አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ዝዋይ፣ ማለትም ደምበል፣ ከዚያ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዶቹ እዚያ ደርሰው ከዳር የተተከሉትን ሞተሮች ከማየታቸው በፊት እኛ እንጠይቅ፦ ስንቱ ፈቃድ አለው? በቀን ስንት ሜትር ኩብ ይስባል?