ላባቸው የማይታይ ተዋናዮች

በ1970 የኦስካር ምሽት ፍራንክ ሲናትራ መድረክ ላይ ወጥቶ ለካሪ ግራንት የክብር ሽልማት አበረከተለት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግራንት ያን ጊዜ ከ70 በላይ ፊልሞች ሠርቶ፣ ትወናን ከተወ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በውድድር ያሸነፈው ኦስካር ግን አንድም አልነበረውም። ለዕጩነት የበቃውም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የድሮ ሆሊዉድ ወዳጅ የሆነ ሰው ይህን መጀመሪያ ሲሰማ ማመን ያቅተዋል። የታጨባቸውን ሁለት ፊልሞች ፈልጎ ሲያይ ደግሞ ንዴቱ ይብስበታል።

አንደኛው የ1941ዱ «ፔኒ ሴሬናድ» ነው። ግራንት ጋዜጣው ከስሮበት ገቢ ያጣ አባት ሆኖ፣ በጉዲፈቻ የወሰዳትን ሕፃን እንዳይነጥቁት ዳኛ ፊት ቆሞ በተሰበረ ድምፅ ይለምናል። ሁለተኛው፣ የ1944ቱ «ነን በት ዘ ሎንሊ ኸርት»፣ የለንደን ድሃ ሰፈር ልጅና በጠና የታመመች እናቱ ታሪክ ነው። ሁለቱም መሐረብ የሚያስወጡ ፊልሞች ናቸው። ዓለም ግራንትን የወደደባቸው ኮሜዲዎች፣ «ዘ ኦውፉል ትሩዝ»ም ሆነ «ብሪንጊንግ አፕ ቤቢ»፣ «ሂዝ ገርል ፍራይዴይ»ም ሆነ «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ»፣ ለእሱ ዕጩነት አላመጡለትም። መራጮቹ ተዋናይነቱን ለማመን ሲያለቅስ ማየት ነበረባቸው።

ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነው። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ባለው አሥር ዓመት ሆሊዉድ ካፈራቸው ተዋናዮች ትልቆቹ ሥራቸውን ቀላል ያስመሰሉት ናቸው። ዛሬ ተመልሰን ስናያቸው ያላረጁትም እነሱ ናቸው። በዘመኑ ሽልማት ያጥለቀለቀው ብዙው ልቅሶና ጩኸት ግን ዛሬ ከልክ ያለፈ ይመስላል።

«ዘ ኦውፉል ትሩዝ»ን እንውሰድ። በ1937 ዳይሬክተሩ ሊዮ ማኬሪ የተሟላ ስክሪፕት ይዞ ወደ ቀረጻ አይመጣም ነበር። ጠዋት ጠዋት ፒያኖ እየነካካ ያስብና ለተዋናዮቹ የዕለቱን ሥራ እዚያው ይነግራቸዋል። ግራንት በዚህ አሠራር ደንግጦ ከፊልሙ እንዲለቁት እስከ መጠየቅ ደርሷል። አልለቀቁትም፤ ደግ አደረጉ። ፊልሙ ለስድስት ኦስካሮች ታጨ። ማኬሪ በዳይሬክተርነት አሸነፈ፤ አይሪን ደንና ራልፍ ቤላሚ በትወና ታጩ። ፊልሙን ተሸክሞ የሄደው ግራንት ግን ተዘለለ። የዓመቱን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት የወሰደው ስፔንሰር ትሬሲ ነበር፣ ፀጉሩን አጠቅልሎ በፖርቱጋል ዓሣ አጥማጅ አነጋገር በተወነበት «ካፕቴንስ ከሬጀስ»። ትሬሲ ትልቅ ተዋናይ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ያ አነጋገር ዛሬ ጆሮ ይቆረቁራል።

ግራንት ያንን ቅልጥፍና ከሰማይ አላገኘውም። በ1904 በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ሲወለድ ስሙ አርቺባልድ ሊች ነበር። ገና በልጅነቱ የቦብ ፔንደርን የአክሮባት ቡድን ተቀላቀለ፤ በረጃጅም የእንጨት እግሮች ላይ መራመድን፣ መገለባበጥን፣ ሳይጎዱ መውደቅን ተማረ። በ1920 አሜሪካን የረገጠው ከዚሁ ቡድን ጋር ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ቀጥ ብሎ ሲራመድ የምናየው ሰው፣ አካሉን በሰርከስ ትርዒት የገራ ሠራተኛ ነው። በ1938 «ሆሊደይ» በተባለው ፊልም ውስጥ ሲገለባበጥ የድሮ ሙያው ራሱ ይታያል።

ጆሮውም እንደ አካሉ ንቁ ነበር። በ«ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» ውስጥ ጄምስ ስቱዋርት ሰክሮ በሌሊት ግራንት ቤት የሚመጣበት ትዕይንት አለ። ስቱዋርት ለማንም ሳይናገር፣ ካሜራው እየሠራ ስቅ አለ። ስክሪፕቱ ላይ የሌለ ነገር ነው። ግራንት አልተደናገረም፤ ስቅ ያለው ራሱ ይመስል ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያም ሳቁ እንዳያመልጠው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። የፊልሙ ዳይሬክተር ኪዩከር ይህን ቀረጻ ፊልሙ ውስጥ ተወው። ትዕይንቱን ቀስ ብሎ ደጋግሞ ያየ ሰው ሁለት ጎበዞች ያለ ልምምድ ሲቀባበሉ ያያል።

ኦስካሩን ስቱዋርት ወሰደ። ይህ ራሱ ኮሜዲም ያሸልም እንደነበር ያሳያል የሚል ይኖራል። ሆኖም ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ሽልማቱን የቆጠሩት ስቱዋርት ዓመት ቀደም ብሎ በ«ሚስተር ስሚዝ ጎውስ ቱ ዋሽንግተን» ለተነፈገው እንደ ካሳ ነው፤ እዚያ ምክር ቤት ውስጥ ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ ይናገራልና። በዚያው የ1940 ውድድር ምርጥ ተዋናይት የተባለችው ደግሞ ጂንጀር ሮጀርስ ናት። ከፍሬድ አስቴር ጋር በ«ስዊንግ ታይም» የጨፈረችበትን የመጨረሻ ዳንስ፣ ቀረጻው ተደጋግሞ እግሯ እስኪደማ የሠራችውን፣ ማንም በትወና አልቆጠረላትም። የሸለሟት ዳንሱን ትታ በ«ኪቲ ፎይል» የተበደለች የቢሮ ሠራተኛ ስትሆን ነው። ኪቲ ፎይልን ዛሬ ማን ያስታውሳታል?

ባርባራ ስታንዊክ አራት ጊዜ ታጭታ አራቴም ባዶ እጇን ተመልሳለች። በትውልድ ስሟ ሩቢ ስቲቨንስ የምትባል የብሩክሊን ልጅ ናት፤ እናቷ የሞተችው እሷ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ነው። በ1941 ፕሬስተን ስተርጀስ በሠራው «ዘ ሌዲ ኢቭ» መርከብ ላይ ሰው የምታታልል የካርታ ቁማርተኛ ሆና ትጫወታለች። በመመገቢያው አዳራሽ ለሀብታሙ ወጣት፣ ለሄንሪ ፎንዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ትንሽ የእጅ መስተዋት አውጥታ በእሱ በኩል አዳራሹን ትቃኛለች፤ እያንዳንዷ ሴት ወጣቱን ለማጥመድ የምታደርገውን ሙከራ እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ትዘግባለች። የሴቶቹን ሐሳብ በእነሱ ቦታ ሆና ትናገራለች፣ ታሽሟጥጣለች፣ ትፈርዳለች። በመጨረሻ ወጣቱ ተነሥቶ በአጠገቧ ሲያልፍ እግሯን ዘርግታ በአፍጢሙ ትደፋዋለች፣ ከዚያም ጫማዬን ሰበርክብኝ ብላ ትቆጣዋለች።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ካሜራው ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቆረጥ ሁለቱን ብቻ ያያል። እሷ አጎንብሳ ፀጉሩን እየዳበሰች ስለምትመኘው ባል ታወራለች፤ ፎንዳ ወለሉ ላይ ተቀምጦ መተንፈስ እንኳ አቅቶታል። ሴትየዋ እያታለለችው ነው፤ በዚያው ቅጽበት እየወደደችውም ነው። ሁለቱን በአንድ ድምፅ ማሰማት ከማንኛውም ልቅሶ ይከብዳል። በዚያ ዓመት በሌላ ኮሜዲ፣ በ«ቦል ኦፍ ፋየር» መታጨቷ እውነት ነው። ግን «ዘ ሌዲ ኢቭ» እያለ!

ከሦስት ዓመት በኋላ ቢሊ ዋይልደር ወርቃማ ዊግ አልብሶ በ«ደብል ኢንደምኒቲ» ባሏን የምታስገድል ሚስት አደረጋት። ዊጉ አስቀያሚ ነው፤ በዘመኑም ተቀልዶበታል። ሱፐርማርኬት ውስጥ በጣሳ ምግብ መደርደሪያዎች መካከል፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ገበያተኛ መስላ ከግብረ አበሯ ጋር የምታወራበት ትዕይንት ግን ያስፈራል፤ ድምፅዋ ከፍ አይል፣ ፊቷ አይንቀሳቀስ። በኮሜዲ የተካነችው መቆጠብ እዚህ ለክፋት ዋለ። ፊልሙ ለሰባት ኦስካሮች ታጭቶ አንድም አላገኘም። ከእሷ ጋር የሠራው ኤድዋርድ ጂ ሮቢንሰን፣ ስለ ራስን ማጥፋት የተመዘገበውን አኃዝ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለአለቃው የሚዘረግፈው የኢንሹራንስ ሰው፣ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልታጨም። የክብር ኦስካሩ የተሰጠው በ1973 ነው፤ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖት። ስታንዊክም የእሷን የክብር ሽልማት እስክታገኝ 1982 ድረስ ጠብቃለች።

የሆሊዉድን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ሌላ ነው ይላል። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ለራሳቸው ኮከቦች ይሟገቱ ነበር። ግራንት በ1936 መጨረሻ ፓራማውንትን ለቅቆ ለአንድ ስቱዲዮ ብቻ ሳይታሰር መሥራት ስለ ጀመረ ከኋላው የሚቆምለት አልነበረም። ነጥቡ ክብደት አለው፤ ግን ሚርና ሎይን አያስረዳም። ሎይ የኤም ጂ ኤም ልጅ ነበረች፣ ከሁሉም ኃያል የሆነው ስቱዲዮ ኮከብ። በሁለት ሳምንት ገደማ ተቀርጾ ባለቀው በ1934ቱ «ዘ ቲን ማን» እሷና ዊልያም ፓወል የሚዋደዱ፣ የሚቀላለዱ፣ የሚጠጡ ባልና ሚስት ሆኑ። ፊልሙ ታጨ፣ ዳይሬክተሩ ታጨ፣ ጽሑፉ ታጨ፣ ፓወል ታጨ። የሚስትየዋ ስም የለም። የፓወል ቀልድ ሁሉ የሚያርፈው እሷ ፊት ላይ ነው፤ አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ ካላየችው ቀልዱ አይሠራም። ሎይ እስከ መጨረሻው አልታጨችም። በ1991 በ85 ዓመቷ የክብር ኦስካር ሲሰጧት ምስጋናዋን ያቀረበችው ከኒው ዮርክ ቤቷ ሆና ነው።

በዚያው በ1934 «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» አምስቱን ዋና ዋና ሽልማቶች ጠራርጎ መውሰዱን የሚያነሣም አይጠፋም። እሱ የማይካድ ነው፤ ክላርክ ጌብልም ክሎዴት ኮልበርትም ሲገባቸው አሸንፈዋል። በሩ አንድ ጊዜ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንደነበር ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ለምን እንደጠበበ ግን አያሳይም።

ራሱ መፍረድ የሚፈልግ ተመልካች ወጪ የለበትም። «ፔኒ ሴሬናድ» እና የ1940ው «ሂዝ ገርል ፍራይዴይ» ሁለቱም የቅጂ መብታቸው በአሜሪካ ሳይታደስ ስለቀረ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። መጀመሪያ ግራንት የታጨበትን፣ ቀጥሎ ያልታጨበትን ማየት ነው። በሁለተኛው ሃዋርድ ሆክስ ተዋናዮቹ አንዱ የሌላውን ንግግር እየረገጡ እንዲያወሩ አድርጓል። ሮዛሊንድ ራስል የግራንት ንግግር ከእሷ ይሻላል ብላ ስለጠረጠረች በድብቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ቀጥራ የራሷን መልሶች ታጽፍ ነበር፤ ግራንትም ነገሩ ገብቶት ጠዋት ጠዋት ዛሬ ምን ይዘሽ መጣሽ ይላት እንደነበር በትዝታዋ ጽፋለች። በጋዜጠኞቹ ክፍል ውስጥ እሷ ታይፕ እየመታች፣ ግራንት በስልክ የፊት ገጹን እያፈራረሰ፣ ምስኪኑ እጮኛዋ ራልፍ ቤላሚ መሐል ቆሞ የሚያዳምጠው ሲያጣ ማየት ነው። የባከነ ቃል የለም፣ የተሳሳተ እርምጃም የለም። ይህ ፊልም በዓመቱ ለአንድም ኦስካር አልታጨም።