የጠቆረ የቲማቲም ዘር ይበቅላልን?

በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ለሁለት ከተከፈለችው ከሞያሌ፥ በኬንያ በኩል የሚኖሩ አንዲት እመቤት፤ «ካለፈው ዓመት ቲማቲም ያስቀረሁት ዘር መልኩ ቡናማ ሆነብኝ፤ ልዝራው ወይስ ልጣለው?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሞያሌ ውሃ ብርቅ ነው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ትንሹም በጥቅምትና በኅዳር ይጥላል። ስለዚህ የሞተ ዘር የዘራ ሰው ዘሩን ብቻ ሳይሆን የደከመበትን ውሃና የዝናቡን ወራት ጭምር ያጣል።

መልካም የቲማቲም ዘር ነጣ ያለ ቢጫ ሲሆን በላዩ ጥቃቅን ፀጉር ይታይበታል። መልኩ የሚለወጥበት ምክንያት ግን አንድ ብቻ አይደለም። ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ ውሃ በሚገባ ሳይታጠብ ቢደርቅ ላዩ ይጠቁራል፤ ይህ ውስጡን ላይጎዳው ይችላል። ዝልግልጉን ለማስለቀቅ ዘሩን ከጭማቂው ጋር ለ2 ወይም ለ3 ቀን እንዲቦካ መተው የተለመደ ነው፤ በሞቃት አገር ከዚህ አልፎ ቢቆይ ግን ዘሩ ይበላሻል። ቀስ ብሎ የደረቀ ይሻግታል፤ በእሳት አጠገብ የደረቀም ይቃጠላል።

እንግዲህ በመልክ ብቻ መፍረድ አይገባም። አንዳንዶች ዘሩን በውሃ ውስጥ ጨምረው የሰጠመውን ደኅና፥ የተንሳፈፈውን ሙት ይሉታል። ነገር ግን ፀጉሩ አየር ስለሚይዝ ደኅናውም ሊንሳፈፍ ይችላል። ሁለት ሦስት ፍሬ በምላጭ ሰንጥቆ ማየት ይሻላል፤ ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ተስፋ አለው፤ ቡናማ ወይም ባዶ ከሆነ ሞቷል።

እርግጠኛውን ፍርድ የሚሰጠው ግን ማብቀል ነው። ዝናቡ ከመግባቱ ከ3 ሳምንት በፊት 20 ፍሬ ቈጥረው በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ በሳሕን ላይ አድርገውም ሙቀት ባለበት፥ ፀሐይ በማይመታው ስፍራ ያኑሩት። ጨርቁ እንዳይደርቅ፥ ውሃም እንዳይቋጥር ይጠንቀቁ። ከ5ኛው ቀን ጀምረው እየገለጡ የበቀለውን ይቍጠሩ፤ እስከ 14ኛው ቀንም ይታገሡ። 16 ቢበቅል ከመቶ 80 ነውና ያለ ሥጋት ይዝሩ። 10 ብቻ ቢበቅል እጥፍ አድርገው ይዝሩ። ከ5 ካነሰ ግን ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል። የበቀሉትን አይጣሉ፤ በመደብ ላይ ቢተከሉ ችግኝ ይሆናሉ።

ሁለት ነገር ግን ጨርቁ አይነግረንም። አንደኛው፥ የበቀለ ሁሉ ጤነኛ አለመሆኑ ነው፤ አንዳንድ የቲማቲም በሽታ ከዘር ጋር ይተላለፋልና ከታመመ ተክል ዘር ማስቀረት አይገባም። ሁለተኛው የትውልዱ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን እንደ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ካሉ ዝርያዎች የቀረ ዘር እናቱን ይመስላል፤ ከዲቃላ ቲማቲም የተለቀመ ዘር ግን ቢበቅልም እናቱን ላይመስል ይችላል።

ወደ ፊት ዘሩን በጥላ አድርቀው፥ በወረቀት ጠቅልለው፥ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ በቀዝቃዛ ስፍራ ያኑሩት፤ እንዲህ የተያዘ የቲማቲም ዘር 4 ወይም 5 ዓመት ይቈያል። ለዛሬው ግን መልሳችን ይህ ነው፦ አይጣሉት፤ ሳይፈትኑም አይዝሩት።