ለጎረቤት ዘብ መቆምና ጎረቤትን መሰለል

በዚህ ወር ዓምዳችን ወደ ፎገራ ሜዳ እንውረድ። ወረታ ከባሕር ዳር በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጎንደሩ መንገድ ከደብረ ታቦርና ከወልድያው የሚለይባት ከተማ ናት። መንገድ የሚገናኝበት ከተማ ሲሳይም ስጋትም አያጣውም። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሞያዎች እገዛ የተስፋፋው የሩዝ እርሻ ነጋዴውንም፣ ደላላውንም፣ የጭነት መኪናውንም ስቦ አምጥቷል። ሩዙ ታጭዶ ሲከመር ገበሬው ከርብና ከጉማራ ሙላት ያተረፈውን እህል ሌባ እንዳይወስድበት ይሰጋል። ታዲያ ክምሩን፣ ከብቱን፣ ሱቁን፣ መስጊዱን ማን ይጠብቅ?

አባቶቻችን ለዚህ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አውጫጭኝ ይባላል፤ በሌላው አገር አፈርሳታ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስም ሰው አይበተንም። ጥፋተኛው ካልተገኘ አገሩ በሙሉ የተበዳዩን ካሳ ይከፍላል። ሰውን ለጎረቤቱ ንብረት ኃላፊ ማድረጉ ደግ ነበር። ንጹሑን ከሌባው ጋር አጉሮ ማቆየቱ፣ ቂመኛም ስሙ ሳይገለጥ ጠላቱን እንዲያስበላ በር መክፈቱ ግን ደግ አልነበረም። አጨዳ የደረሰበት ገበሬ በዚያ ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ቢቀመጥ የሚደርስበትን ኪሳራ ማሰብ ነው።

ከዚያ በ1934 ዓ.ም የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ በ1967 ዓ.ም ቀበሌ መጣ፤ በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ የማቋቋም ሥልጣን አገኙ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት የተባለው አሠራር ተስፋፋ። አሳቡ ቀላል ነው። ለቀበሌው አንድ ፖሊስ ይመደባል፤ ከቀበሌው አስተዳደር፣ ከሽማግሌዎች፣ ከሃይማኖት አባቶች፣ ከሴቶችና ከወጣቶች የተውጣጣ አማካሪ ምክር ቤት ይቋቋማል፤ ጠቡ ደም ሳያፈስ፣ ስርቆቱ ሳይፈጸም ይመከራል። በወረቀት ላይ ከአውጫጭኝ ይሻላል። በሥራ ላይ የሚሻለው ግን በወንበሩ ላይ በሚቀመጠው ሰው ልክ ነው።

የምክክር መጥፋት ምን እንደሚያስከፍል እኛ ሙስሊሞች እናውቃለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ወድመዋል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም በጎንደር በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በድንጋይ ምክንያት የተነሣ አለመግባባት የብዙ ወገኖቻችንን ሕይወት ቀጥፏል። የመካነ መቃብርና የቤተ ክርስቲያን ድንበር ጉዳይ ጥይት ሳይተኮስ፣ ቡና ተፈልቶ ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገር ነበር። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን ግጭቱ ከተባባሰና ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላማ፣ ፖሊስ ከከተማ ወጥቶ ገጠር መድረስ ያልቻለባቸው ቀናት ጥቂት አልነበሩም። እንዲህ ባለው ጊዜ ለሰው ቀድሞ የሚደርስለት የቅርብ ጎረቤቱ ነው።

«ከመንግሥት ሰው ጋር ተቀምጦ መምከር ጠቋሚ መሆን አይደለም ወይ?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሃይማኖታችን የሰውን ገመና መሰለልን ከልክሏል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሌሊት ሌሊት በመዲና እየተዘዋወሩ ሕዝቡን ይጠብቁ ነበር። አንድ ሌሊት ግንብ ዘለው ገብተው ሰው ሲያጠፋ አገኙት። ሰውዬውም «እኔ አንድ አጥፍቻለሁ፤ እርስዎ ግን ሰልለዋል፣ በበር አልገቡም፣ ሰላምታም አልሰጡም» ብሎ እንደ ሞገታቸው፣ እርሳቸውም ትተውት እንደ ወጡ ይተረካል። የቀበሌው ምክር ቤት ልክ ከዚህ ይጀምራል። የመንገዱ ሌባ፣ የከብት ዘራፊው፣ በሰርግ ላይ ጥይት የሚተኩሰው የሁላችን ጉዳይ ነው። ጎረቤት በቤቱ ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚጠይቀው ግን ለስብሰባ የሚቀርብ ነገር አይደለም። የተያዘ ሰውም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ ይደነግጋል፤ ይህን በስብሰባው ላይ የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ ቢኖር የብዙ እናት እንባ ይቀር ነበር።

ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር ለጸጥታ መማከርስ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገና ወሕይ ሳይወርድላቸው በመካ፣ በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት የተደረገውን የሒልፈል ፉዱልን ቃል ኪዳን ተካፍለዋል። ከየመን የመጣ ነጋዴ ዕቃውን ለአስ ኢብን ዋኢል ሸጦ ዋጋውን ቢከለከል ነው ቃል ኪዳኑ የታሰረው። ለተበደለ ሁሉ፣ የአገር ሰው ይሁን እንግዳ፣ ሊቆሙለት ተማማሉ። ከነቢይነታቸው በኋላም ይህን በደስታ ያነሡት ነበር። ሩዝ ሊገዛ ወረታ የወረደው እንግዳ ነጋዴ ከዚያ የመን ሰው በምን ይለያል?

እንግዲህ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ይሂድ። እናቶችም ይሂዱ፤ የትኛው መንገድ ለልጃገረድ እንደሚያሰጋ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስብሰባው ጁምዓ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ከተጠራ ደግሞ ሰዓቱ እንዲለወጥ መጠየቅ ነው። ሊቀመንበሩ የሰላት ሰዓት መሆኑን ሳያውቅ የቀረው የነገረው ሰው አጥቶ ሊሆን ይችላል።